ሁለቱ ጥቁር አረንጓዴዎች፦ የግድግዳችን ቀለም ከየት መጣ?



ባለፈው በጋ የመሰብሰቢያ ክፍላችንን ለማደስ ስንስማማ ነገሩ ቀላል መስሎን ነበር። ላዩ ነጭ፣ ዞኮሎው ጥቁር አረንጓዴ ይሁን ተባለ፤ ማንም አልተቃወመም። የታችኛውን ግድግዳ የልጅ እጅና የወንበር ጀርባ ስለሚነካው ጥቁር አረንጓዴ እድፍ ይችላል፤ ለሮቢት ሐሩርም ለዓይን ቀዝቀዝ ይላል። ክርክሩ የመጣው ገበያ የላክናቸው ሁለት እህቶች ሁለት ዓይነት ቀለም ይዘው ሲመለሱ ነው።

ሁለቱንም በአንድ ጣውላ ላይ ቀብተን ጎን ለጎን አየናቸው። ግማሾቻችን "አንድ ናቸው" አልን። ግማሾቹ ደግሞ አንደኛው ወደ ጎመን ቅጠል፣ ሁለተኛው ወደ ጠርሙስ ያደላል አሉ። ጣውላውን ወደ ደጅ አውጥተን በፀሐይ ስናየው ልዩነቱ ትንሽ ጎላ፤ መልሰን አምፖል ሥር ስናስገባው ጠፋ።

የማይጠፋው ልዩነት ዋጋው ነበር። አንደኛው ከትልቅ በርሜል ወደ ትንሽ ቆርቆሮ የተቀዳ፣ ምንም ጽሑፍ የሌለበት የዘይት ቀለም ነው፤ ርካሽ ነው። ሁለተኛው ከፋብሪካ እንደታሸገ የመጣ፣ በላዩ ላይ "እርሳስ የሌለው" የሚል የተጻፈበት ነው፤ ይወደዳል። ከእኛ አንዷ፣ እውነቷን ነው፣ እንዲህ አለች፦ "ልዩነቱ እኮ ለአንዲት አባል የጫጩት መግዣ ብድር ይሆናል። ለግድግዳ ስንል የሰው እንጀራ አንቁረጥ።" ሒሳብ ያዣችን ወደ እኔ ዞራ፣ "እትዬ፣ አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ ታሪክ ስታስተምሪ ኖረሽ የለ? እስቲ የቀለምን ታሪክ ንገሪንና እንወስን" አለችኝ። የተሳቀበት ጥያቄ ነበር፤ እኔ ግን ቤቴ ገብቼ አሰብኩበት። ይህን ጽሑፍ የወለደውም እሱ ነው።

እናቶቻችን የሚያውቁት ግድግዳ

የይፋት ሰው ግድግዳ ማቆም የጀመረው ትናንት አይደለም። የወላስማ ሥርወ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት ይዞ ይፋትን ካጠናከረ ጊዜ ጀምሮ፣ ዐፄ ዓምደ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1332 እስከ ዘመቱበትና ከዚያም በኋላ፣ በዚህ ተረተርና ቆላ ላይ የድንጋይ ከተሞች ነበሩ። እንደ አስበሪና ኖራ ባሉ ቦታዎች የመስጊዶችና የቤቶች ፍርስራሽ ዛሬም ይታያል። የአርጎባ ወገኖቻችን በድንጋይ የመገንባት ጥበብም እስከ ዘመናችን ደርሷል።

ብዙዎቻችን ያደግንበት ቤት ግን የእንጨትና የጭቃ ነው። ግንቡ የወንድ ሥራ ቢሆን፣ ምርጊቱና ልቅለቃው የሴት ነበር። እናቴ ጭቃውን ከጭድ ጋር አስቦክታ ትመርጋለች፤ ሲደርቅ በእበትና በአመድ ትለቀልቀዋለች፤ በዓል ሲቃረብ ነጭ አፈር ከተገኘ በነጭ አፈር፣ ካልተገኘም በቀይ ታሳምረዋለች። ስለዚያ ግድግዳ ዛሬ የሚገርመኝ ውበቱ አይደለም። እናቴ በውስጡ ያለውን ሁሉ ማወቋ ነው። ጭቃው ከየት እንደተቆፈረ፣ እበቱ ከየትኛዋ ላም እንደሆነ ጠይቁኝ ብትል መልስ ነበራት። ልጅ ግድግዳ ሲልስ ብታይ፣ "አፈር ያምረዋል" ብላ እጁን ትመታለች እንጂ አትደነግጥም ነበር።

በእኛ አገር ግድግዳ በየትውልዱ ይታደሳል። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሶ የአካባቢው ሰው እንደገና ሠርቷል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጥላለች፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እኛው ከተማ ገብቷል። ከዚያ በኋላ ብዙዎቻችን የተበሳውን ግድግዳ ደፍነን፣ የጠቆረውን ለስነን፣ በእጃችን ባለው ገንዘብ ያገኘነውን ቀለም ቀብተናል። የዚያን ጊዜ ቆርቆሮው ውስጥ ምን እንዳለ የጠየቀ አልነበረም። ጣሪያ ማግኘቱ ራሱ ብዙ ነበርና።

ዞኮሎ የሚለው ቃል

ቃላችን ታሪካችንን ይናገራል። "ምርጊት" እና "ልቅለቃ" የራሳችን ናቸው። "ዞኮሎ"፣ "ስቱኮ"፣ "ጄሶ" ግን ጣሊያንኛ ናቸው። የጣርማ በርን ዋሻ ቆፍሮ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ የሠራው ያ ዘመን አልፎ ሄዷል፤ የግንበኛና የቀለም ቀቢ ቋንቋ ግን ከእኛ ጋር ቀርቷል። በጭቃው ፋንታ ሲሚንቶ፣ በነጭ አፈሩ ፋንታ የቆርቆሮ ቀለም መጣ።

የግድግዳን ታች ጥቁር አረንጓዴ የመቀባቱ ልማድም የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1914 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሃሪ ሸርማን የተባለ ሐኪም የቀዶ ጥገና ክፍሉ ነጭ ግድግዳ ዓይኑን ስላስቸገረው ወለሉንና የግድግዳውን ታች የጎመን ቅጠል በሚመስል አረንጓዴ አስቀባ። ደም ሲያይ የቆየ ዓይን ወደ አረንጓዴ ሲዞር ያርፋል የሚል ነበር ሐሳቡ። በሐኪም ቤቶች አረንጓዴ ከነጭ ጋር መወዳደር የጀመረው እንዲህ ነው። በእኛም አገር የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ግድግዳ በዚህ መልክ ተቀብቶ ያላየ የለም፤ ከዚያም ወደ ሳሎናችንና ወደ ጓዳችን ገባ።

የመጀመሪያው አረንጓዴ፦ ቢጫና ሰማያዊ ሲጋቡ

ጥቁር አረንጓዴን አምርቶ በርካሽ መሸጥ ለረጅም ዘመን ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1775 ካርል ሼሌ የተባለው የስዊድን ኬሚስት አንድ ደማቅ አረንጓዴ አገኘ፤ ነገር ግን የተሠራው ከአርሰኒክ ስለሆነ መርዝ ነው። አውሮፓውያን ግን ለአሥርት ዓመታት ግድግዳቸውን በእሱ አስጊጠው ኖረዋል።

ከዚያ በኋላ የመጣው በሁለት ግኝቶች ላይ የቆመ ነው። አንዱ በርሊን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1706 አካባቢ የተገኘው ፕሩሲያን ሰማያዊ ነው። ሁለተኛው፣ ፈረንሳዊው ቮክለን እ.ኤ.አ. በ1797 ከሳይቤሪያ በመጣ ቀይ ማዕድን ውስጥ ክሮሚየም የተባለውን ብረት ካገኘ በኋላ የተሠራው ክሮም ቢጫ ነው። ይህ ቢጫ የክሮሚየምና የእርሳስ ውሁድ ነው። ሁለቱን ሲቀላቅሏቸው "ክሮም አረንጓዴ" የሚባለው ተገኘ፤ ሰማያዊው ሲበዛ እየጠቆረ ይሄዳል። ርካሽ ነው፣ በአንድ ቅብ ይሸፍናል፤ ስለዚህ በመስኮት፣ በበር፣ በማሽን ላይ ዓለምን ዞረ።

እዚህ ላይ "እርሳስ" ስል ልጆቻችን የሚጽፉበትን ማለቴ አይደለም። የመጻፊያው ውስጥ ያለው ግራፋይት ነው። እኔ የምለው ድሮ አያቶቻችን አቅልጠው ጥይት የሚያፈሱበትን ከባዱን ብረት ነው።

ይህ አረንጓዴ አንድ ጠባይ አለው፤ ኖራና አዲስ ሲሚንቶ አይስማማውም። ፕሩሲያን ሰማያዊ ከኖራ ጋር ሲገናኝ ይፈርሳል፤ ሰማያዊው ሲሄድ ቢጫውና የዝገት መልክ ያለው ቡናማ ይቀራል። ከዓመታት በፊት የእኔ ጓዳ ግድግዳ ሲሚንቶው በደንብ ሳይደርቅ አረንጓዴ ተቀብቶ በጥቂት ወራት ውስጥ እንደ ደረቀ ቅጠል ቡኒ ሆኖብኝ ነበር። ባለቤቴ "ቀቢው አጭበረበረን" ብሎ ተቆጣ። ምናልባት ቀቢው የሰጡትን ነው የቀባው፤ ቀለሙ ነው ኖራውን ያልቻለው።

ሁለተኛው አረንጓዴ፦ የተሰነጠቀ ጋን

ሁለተኛው አረንጓዴ የተወለደው በአደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ስኮትላንድ ውስጥ ግሬንጅማውዝ በሚባል ከተማ አንድ የማቅለሚያ ፋብሪካ ሌላ ነገር ሲያመርት፣ የብረት ጋኑ ውስጠኛ ሽፋን ተሰንጥቆ ኬሚካሉ ከብረቱ ጋር ተነካካ። ሠራተኞቹ ያልጠበቁትን ሰማያዊ ዝቃጭ አገኙ። ዝቃጩ ከመጣል ይልቅ ተመረመረ፤ ከእሱም ፍታሎሲያኒን የተባለው ሰማያዊ ቀለም ወጣ። በ1930ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ክሎሪን ተጨምሮበት አረንጓዴው ተሠራ። ይህ አረንጓዴ እርሳስ የለውም፤ ኖራም ሲሚንቶም ፀሐይም አይበግሩትም። ብርቱ ስለሆነ ጥቂቱ ብዙ ያቀልማል። ብቻውን ሲሆን ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ጠርሙስ የሚመስለውም ለዚህ ነው።

ይህን ሳውቅ ሁለቱን ናሙናዎች ለመለየት መንገድ ያገኘሁ መሰለኝ። ከእያንዳንዱ ትንሽ ወስዶ ከነጭ ቀለም ጋር መቀላቀል ነው፤ አንዱ ወደ ቢጫማ ቅጠልያ፣ ሌላው ወደ ሰማያዊማ ይሄዳል። ሞከርኩት፤ ትንሽ ልዩነት አየሁ። ደስ ብሎኝ ለእህቶቼ ልናገር ስል ግን አንድ ነገር ያዘኝ። የፍታሎ አረንጓዴም ወደ ቅጠል መልክ እንዲመጣ ቢጫ ይጨመርበታል። ያ ቢጫ ክሮም ቢጫ ከሆነ እርሳሱ ተመልሶ ገባ ማለት ነው። በነጩም ውስጥ፣ በማድረቂያውም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። በስም መመራትም አያዋጣም፤ "ክሮም አረንጓዴ" እርሳስ ሲኖረው፣ ስሙ የሚመሳሰለው "ክሮሚየም ኦክሳይድ አረንጓዴ" ግን እርሳስ የለውም። ስለዚህ ዓይን ቀለምን ያያል እንጂ እርሳስን አያይም። በመልክ መከራከራችን ሁሉ ከንቱ ነበር።

ልጆቹና ሁለቱ ሐኪሞች

እርሳስ በቀለም ውስጥ ምን ጎዳ? የመጀመሪያዎቹ ምስክሮች እንደ እኛ ሞቃት አገር የሚኖሩ ልጆች ናቸው። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ እ.ኤ.አ. በ1892 ልጆች በእርሳስ መመረዛቸው ታወቀ፤ ከየት እንደመጣ ግን ግራ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1904 ሎክሃርት ጊብሰን የተባለ የብሪዝበን የዓይን ሐኪም ምንጩ የተቀባው የበረንዳ መደገፊያና የክፍል ግድግዳ ነው ብሎ ጻፈ። ፀሐዩ ቀለሙን ዱቄት ያደርገዋል፤ ልጆቹ መደገፊያውን ይዘው ይጫወታሉ፤ ከዚያ ጣታቸውን ይጠባሉ፣ ጥፍራቸውን ይነክሳሉ። ብዙ ባልደረቦቹ ለማመን ዘገዩ፤ ኩዊንስላንድ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው።

ሁለተኛዋ ሐኪም ሴት ናት። አሊስ ሃሚልተን እ.ኤ.አ. ከ1910 ጀምሮ በአሜሪካ ኢሊኖይ የእርሳስ ሠራተኞችን ከፋብሪካ ፋብሪካ እየዞረች አጠናች። መረጃ የሰበሰበችው ከባለቤቶቹ ብቻ አይደለም፤ ወደ ሠራተኞቹ ቤት እየሄደች ሚስቶችን ጠይቃለች። እ.ኤ.አ. በ1919 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ ሴት መምህርት ሆነች።

እ.ኤ.አ. በ1921 የዓለም የሥራ ድርጅት በቀለም ውስጥ ስላለ ነጭ እርሳስ ስምምነት ቁጥር 13ን አወጣ። ሴቶችና ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች በነጭ እርሳስ የኢንዱስትሪ ቅብ ሥራ እንዳይሠሩ ከልክሏል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሁለት ነገር ግን አመለጠው። አንደኛ፣ የሚናገረው ስለ ነጩ እርሳስ ስለሆነ አረንጓዴና ቢጫ ያደረገው የክሮም እርሳስ አልተነካም። ሁለተኛ፣ ሕጉ ሴትን የጠበቃት ተቀጥራ ስትቀባ ነው። የራሷን ቤት ስትቀባ፣ አሮጌውን ቀለም ስትፍቅ፣ ብናኙን ስትጠርግ ሕጉ አላያትም። ለበዓል ቤት የሚያሳምረው ማን እንደሆነ እኛ እናውቃለን።

የዓለም ጤና ድርጅት ዛሬ የሚለው ግልጽ ነው፦ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም። ትንንሽ ልጆች ከአዋቂ ሰው ከአራት እስከ አምስት እጥፍ የበለጠ እርሳስ ወደ ሰውነታቸው ሊያስገቡ ይችላሉ፤ አእምሯቸውንና ትምህርት የመቀበል ችሎታቸውን ይጎዳል። እርሳስ በአጥንት ውስጥ ይከማቻል፤ እናት ስታረግዝ ከአጥንቷ ወጥቶ ወደ ፅንሱ ይደርሳል። ማለትም እናት በልጅነቷ የተነፈሰችው ብናኝ ለልጇ ይተርፋል። ከግድግዳችን የነቀልነው የጥይት እርሳስ ቢያንስ በዓይን ይታይ ነበር።

በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2018 በቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ የሚቆጣጠር ደንብ ወጥቷል፤ ወሰኑ 90 ፒፒኤም ነው። ይህም በአንድ ኪሎ ደረቅ ቀለም ውስጥ ከ90 ሚሊግራም የማይበልጥ ማለት ነው። ሕጉ አለ። ከበርሜል ወደ ቆርቆሮ ሲቀዳ ግን ጽሑፉ በርሜሉ ላይ ይቀራል፤ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ቀለሙ ብቻ ነው።

ምን ወሰንን?

በሚቀጥለው ስብሰባ ይህንኑ ለእህቶቼ ተናገርኩ። ርካሹ ቀለም እርሳስ አለው አላልኩም፤ ሳይመረመር እንዲህ ማለት ሐሰት ነው። ያልኩት፣ የማናውቀው ነገር እንደሆነና ልጆቻችን ስብሰባ ባለ ቁጥር በዚያ ግድግዳ ሥር እንደሚጫወቱ ነው። የታሸገው ላይ ያለው ጽሑፍም የላቦራቶሪ ማስረጃ አይደለም። ቢሆንም ስሙን ጽፎ ቃል የገባ አምራች አለ፤ ቃሉ ቢታጠፍ የሚጠየቅ አለ። በባዶው ቆርቆሮ ማንን እንጠይቃለን?

ስለ ገንዘቡ የተናገረችው እህታችን አሁንም አልተረታችም። "እሺ፣ ልዩነቱ ከየት ይምጣ?" አለች። መልሱ የመጣው ከቀለሙ ከራሱ ነው። ጥሩ ነጭ ከሚያርፍበት ብርሃን ከአሥር ስምንቱን ያህል ይመልሳል፤ ጥቁር አረንጓዴ ግን ከአሥር አንዱን እንኳ ላይመልስ ይችላል። ክፍላችን ያለው መስኮት ሁለት ብቻ ነው፤ መብራትም ይጠፋል። ዞኮሎውን እስከ ትከሻ ለማድረስ ከነበረው ሐሳብ ወደ ወገብ ዝቅ ብናደርገው ክፍሉ ብሩህ ይሆናል፤ የሚገዛው አረንጓዴም ይቀንሳል። ሒሳብ ያዣችን በወረቀት ላይ አሰላችው፤ ልዩነቱ ከሞላ ጎደል ተሸፈነ። ያቺው እህታችን ናት "እንግዲያው ይሁን" ብላ እጇን ቀድማ ያወጣችው።

የከበደን አዲሱ ሳይሆን አሮጌው ቀለም ነው። በመስኮቱና በበሩ ላይ የተላላጠ ያረጀ አረንጓዴ ነበር። ቀቢው እንደ ልማዱ በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ ሊፍቀው ሲል፣ "ወንድሜ፣ ቆይ" አልነው። ልጆቹንና ነፍሰ ጡር አባላትን ቀኑን ሙሉ አራቅን። ወለሉ ላይ ፕላስቲክ አነጠፍን። እንጨቱን በውኃ እያራሰ ፋቀው፤ በእሳት አላቃጠለም። ብናኙን በመጥረጊያ አላቦነንነውም፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገን ከነፕላስቲኩ ጠቅልለን ልጅና ከብት ከማይደርስበት አስወገድነው። ሲጨርስ እጁንና ፊቱን ታጥቦ ልብሱን ቀየረ። መጀመሪያ የሴት ጭንቀት ነው ብሎ ስቆብን ነበር፤ ማታ ግን "እኔም ቤት ሕፃን አለኝ" ብሎ ሄደ።

ቤታችሁን የምትቀቡ እህቶች፣ ከዚህ ሁሉ ታሪክ አንድ ጥያቄ ብቻ ያዙ። ሻጩን "ስንት ነው?" ከማለታችሁ በፊት "ምን አለበት?" በሉት። የታሸገውን ጠይቁ፤ ጽሑፉን አንብቡ፤ ማንበብ የማትችል ጎረቤት ካለች አንብቡላት። የተላላጠ አሮጌ ቀለም ካለ በደረቁ አትፋቁ፤ የልጆቻችሁን እጅ ከመብላታቸው በፊት አስታጥቡ።

በቋንቋችን ቀለም ማለት ፊደልም ትምህርትም ነው፤ የተማረውን "ቀለም የገባው" እንላለን። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግድግዳዋ ውስጥ ያለውን ግን አንድ በአንድ ታውቅ ነበር። እኛ ፊደል ቆጥረናል፤ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ደግሞ የእኛ ፈንታ ነው። ክፍላችን ተቀብቶ አልቋል፤ አረንጓዴው ከወገብ በታች፣ ነጩ ከላይ ነው። መጥታችሁ እዩት። የትኛው አረንጓዴ እንደሆነ ግን በዓይናችሁ ልትለዩ አትሞክሩ፤ ባዶውን ቆርቆሮ ከነጽሑፉ መደርደሪያው ላይ አስቀምጠነዋል።